የደብሩ ዛፍና የአዋጁ ቃል

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጉና ግርጌ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በታረሰው ኮረብታ መካከል እንደ ደሴት ተነጥሎ የቆመ ደን ሲያይ፣ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ሳይጠይቅ ያውቃል። ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ለዘመናት የተጠበቁት በግዝትና በአክብሮት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ይዞታዋን ብታጣም፣ ዐጸዱ ከነዛፉ በእጅዋ ቀርቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አድባራት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግቧል፤ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው።

ይሁን እንጂ ግዝቱ ከዐጸዱ አጥር አያልፍም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ጣናን ይመግባሉ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውሃውን የሚያገኘው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ላለው ተዳፋት ጠባቂው ሕግ ሊሆን ይገባል።

ለዚህ ሕግ ከደከሙት መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በሙያቸው የዕፅዋት ሊቅ እንጂ ጠበቃ አልነበሩም፤ ነገር ግን ብዙ ጠበቃ ያልደፈረውን ሙግት ገጥመዋል። በጥር 1992 ዓ.ም. የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል እስኪጸድቅ ድረስ ለአፍሪካ ተከራክረዋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሰው ሁሉ መብት መሆኑ ከተደነገገ በኋላ፣ እርሳቸው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ሲመሩ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላም አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰብ በጠበቀው ዘርና ባካበተው ዕውቀት ላይ መብት እንዳለው አረጋገጠ። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉ ለሙያችን የተውት ውርስ ይህ ነው።

ውርሱን ተቀብለናልን? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሥራው መጀመሪያ አንድ የገጠር መንገድ ሲነድፍ፣ መስመሩ የአንድ ደብር ዐጸድ ጫፍ ይቈርጥ ነበር። በካርታው ላይ ቦታው «ቁጥቋጦ» ተብሎ ተመልክቷል። አንድ አረጋዊ ቄስ ችካሉን አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ የደብሩ ልብስ ነው፤ እንዴት ታራቍተዋለህ?» አሉ። መስመሩ ፈቀቅ አለ። የተጽዕኖ ግምገማው ሰነድ ግን የተጻፈው ችካሉ ከተተከለ በኋላ ነበር፤ አዋጁ በፊት ያዘዘውን ቄሱ በቃል አስፈጸሙት።

በየተዳፋቱ ቄስ አይቆምም። እንግዲህ መሐንዲሱ አዋጁን የመጨረሻ ገጽ አድርጎ ከማያያዝ ይልቅ ችካል ከመትከሉ በፊት ቢያነበው፣ የጉና አፈር በጉና፣ ውሃውም በጣና ይጸናል።