በጋን ውስጥ የተቀበረው ሙግት

በ1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ላይ፣ በላይኛው ግብፅ ናግ ሐማዲ ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ለማዳበሪያ የሚሆን አፈር ሊቆፍሩ የወጡ ገበሬዎች አፉ የተደፈነ ጋን አገኙ። በውስጡ በቆዳ የተለበዱ፣ በፓፒረስ ላይ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ነበሩ። ዛሬ በካይሮው የቅብጥ ሙዚየም የሚገኙት እነዚህ 13 ጥራዞች ከ50 በላይ ድርሰቶችን ይዘዋል። አብዛኞቹ ግኖስቲኮች የሚባሉት ወገኖች ያነቧቸው የነበሩ ናቸው።

ከዚያ በፊት ስለ ግኖስቲኮች የሚታወቀው በአብዛኛው ከባላጋራዎቻቸው አንደበት ነበር። ከነዚህም ዋነኛው በ180 ዓ.ም. ገደማ ትምህርታቸውን ነቅፎ የጻፈው የልዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ ነው። ከሳሹ እንጂ ተከሳሹ ያልተደመጠበት ሙግት ነበር ማለት ይቻላል።

ለመሆኑ ጠቡ በምን ላይ ነበር? ግኖሲስ በግሪክኛ ዕውቀት ማለት ነው። ግኖስቲኮች አንድ ወጥ ማኅበር አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ግን ይህን ዓለም የሠራው እውነተኛው አምላክ ሳይሆን አላዋቂ የሆነ ዝቅተኛ ኃይል ነው ይሉ ነበር። ሥጋ ለነፍስ ወህኒዋ ነው። መዳንም ሰው ከላይ የመጣ መሆኑን ሲያውቅ የሚገኝ ነው። ክርስትና ግን ፈጣሪና አዳኝ አንድ አምላክ ነው፤ ፍጥረቱም መልካም ነው ይላል። ክርስቶስ በእውነት ሥጋ ለብሶ ሞተ፤ ሙታንም በሥጋ ይነሣሉ፤ መዳንም ለጥቂት አዋቂዎች ሳይሆን ለሚያምን ሁሉ ነው ብሎ ያስተምራል።

በ367 ዓ.ም. የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ፣ ለእኛው አባ ሰላማ ጵጵስና የሰጠው አባት፣ በፋሲካ መልእክቱ 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘርዝሮ ከነርሱ ውጭ ያሉትን የመናፍቃን መጻሕፍት አወገዘ። በአካባቢው የነበሩ መነኮሳት ጋኑን የቀበሩት ከዚህ በኋላ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ይህን የማይቀበሉም አሉ።

ጋኑ ሲከፈት ኢሬኔዎስ በብዙ ነገር እንዳልዋሸ ታየ፤ አላዋቂው ዓለም ሠሪ በእርግጥም በመጻሕፍቱ ውስጥ አለ። ነገር ግን ከከሳሹ ቃል ጎልቶ ያልተሰማ ነገርም ተገኘ። እነዚህ ሰዎች በጸሎትና በጭንቀት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ አምላክ ቸር ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ሥቃይ ከየት መጣ? ቤተ ክርስቲያን መልሳቸውን አልተቀበለችም። ጥያቄው ግን የእርሷም ጥያቄ ነበር፤ ስለዚህም ከጋኑ ጋር አልተቀበረም።