ጨዋታን በኮምፒዩተር ማስመሰልና የውርርድ ፈተና

ፕሮግራሚንግ መማር የጀመረው የእህቴ ልጅ በቅርቡ «ጋሼ፣ የኳስ ውጤት የሚተነብይ ፕሮግራም ጽፌ ቤቲንጉን ላሸንፈው ነው» አለኝ። እኔ የሕግ ምሩቅ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ማስረጃ መመዘን የለመድኩት ነገር ስለሆነ ጉዳዩን ጠጋ ብዬ አየሁት።

ስፖርታዊ ጨዋታን በኮምፒዩተር ማስመሰል ወይም ሲሙሌሽን ለጀማሪዎች የሚሰጥ የታወቀ መልመጃ ነው። ዘዴው ሞንቴ ካርሎ ይባላል። ሐሳቡ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1946 የሒሳብ ሊቁ ስታኒስላው ኡላም ከሕመም ሲያገግሙ ብቻቸውን ካርታ እየተጫወቱ ሳለ ነበር። አሜሪካዊው መምህር ጆን ዜል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የፓይተን መማሪያ መጽሐፋቸው ራኬትቦል የተባለውን ጨዋታ ለዚሁ ትምህርት ተጠቅመውበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው ለአንዱ ተጫዋች ነጥብ የማግኘት ዕድል፣ ለምሳሌ 0.60፣ ይሰጠዋል። ኮምፒዩተሩ በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር በዘፈቀደ ያወጣል። ቁጥሩ ከ0.60 ካነሰ ነጥቡ የዚያ ተጫዋች፣ ካልሆነ የተጋጣሚው ይሆናል። ጨዋታው እስኪያልቅ ይህ ይደጋገማል፤ ከዚያም ጨዋታው ራሱ ሺህ ጊዜ ይደገማል።

ውጤቱ ያስተምራል። በሜዳ ቴኒስ እያንዳንዱን ነጥብ በ0.60 ዕድል የሚያገኝ ተጫዋች አንድ ጌም የማሸነፍ ዕድሉ 0.74 ያህል ነው። ትንሽ ብልጫ ስትደጋገም ትገዝፋለች ማለት ነው። አሥር ጌም ብቻ ያስመሰለ ተማሪ ግን 5 ድልም 9 ድልም ሊያገኝ ይችላል። በሺህ ጌም ሲሆን ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ71 እስከ 77 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን 0.60ን ማን ሰጠው? የሚለው ነው። ተማሪው ራሱ ነው የሰጠው። ኮምፒዩተሩ የተነገረውን መልሶ የሚናገር የስሚ ስሚ ምስክር ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ሚሊዮን ጊዜ ቢደገምም ስህተቱ አይታረምም።

ውርርዱም የራሱ ስሌት አለው። አወራራጁ እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ወገኖች ለእያንዳንዳቸው 1.85 ይከፍላል እንበል። 100 ብር ላስያዘ ሰው በአማካይ የሚመለስለት 92 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አንድ ቀን ማሸነፍ ይቻላል፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን ኪሳራው እየተረጋገጠ ይሄዳል።

ስለዚህ የእህቴን ልጅ ፕሮግራሙን እንዲተው አልመከርኩትም። ያንኑ ፕሮግራም ገንዘቡን ሳያስይዝ በራሱ በውርርዱ ላይ እንዲያስኬደው ነው የነገርኩት። የፕሮግራሚንግ መምህራንም ይህችን አንዲት መልመጃ ቢጨምሩ ከብዙ ምክር የበለጠ ወጣቶቻችንን ትጠቅማለች እላለሁ።