የነርስነት ትምህርት ዋጋና የከፋዩ ማንነት፤ በእንግሊዝ አገር ከ1860 ወዲህ

ሙያ ያለ ዋጋ አይገኝም። ተማሪው ጊዜውን፣ ጉልበቱን ወይም ገንዘቡን ይከፍላል፤ እርሱ ካልከፈለ ደግሞ ሌላው ይከፍልለታል። ይህ እውነት ጐልቶ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ ነርስነት ነው። ትምህርቱ ከባድ፣ ደመወዙ መጠነኛ፣ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም ግን እጅግ ከፍተኛ ነውና። በእንግሊዝ አገር የዚህ ትምህርት ወጪ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከ160 ዓመታት በላይ ሆኖታል። የመማሪያ ብድር በብዙ አገሮች በተለመደበት ዘመን ይህን ታሪክ መመርመር ጠቃሚ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ለፈጸመችው አገልግሎት መታሰቢያ ሕዝቡ 45,000 ፓውንድ ያህል አዋጣ። በዚህም ገንዘብ በሐምሌ ወር 1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሠልጣኞቹ መኝታ፣ ምግብና የደንብ ልብስ ይሰጣቸው ነበር፤ በተጨማሪም በዓመት 10 ፓውንድ ያገኙ ነበር። በለውጡ ግን በሕሙማን ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ ሥልጠናውንም ከፈጸሙ በኋላ በተመደቡበት ሆስፒታል የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው። ስለዚህ ትምህርቱ ያለ ክፍያ ቢመስልም ዕዳ አልባ አልነበረም፤ ዕዳው የሚከፈለው በጉልበት ነበር።

ይህ ሥርዓት ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። በ1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ከተቋቋመ በኋላም ተማሪዋ ነርስ ጥቂት ደመወዝ እየተቀበለች የሆስፒታሉ የሥራ ኃይል አካል ሆና ቀጠለች። ጉድለቱም ግልጽ ነበር፤ ትምህርቱና የክፍሉ ሥራ በተጋጩ ቁጥር የሚሸነፈው ትምህርቱ ነበር። በ1986 «ፕሮጀክት 2000» በሚል ስም የቀረበው የለውጥ ሐሳብ ይህን ለማረም የታቀደ ነበር። ከ1989 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውልም ተማሪዎቹ ከሠራተኛነት ይልቅ በተማሪነት ተቆጠሩ፤ የኑሮ ድጎማም ተመደበላቸው። ትምህርቱ በ1990ዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ፤ ከ2013 ጀምሮም በእንግሊዝ አዲስ ነርስ ለመሆን ዲግሪ ግድ ሆነ። የትምህርቱን ክፍያ የሚሸፍነው ግን አሁንም መንግሥት ነበር።

መንገዱ የታጠፈው በኅዳር 2015 ነው። በዚያን ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ኦስቦርን ድጎማው ቀርቶ በብድር እንደሚተካ አስታወቁ። ውሳኔውም ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። የመንግሥቱ መከራከሪያ የመንግሥት በጀት በተማሪዎች ቁጥር ላይ ያደረገው ገደብ ሲነሣ እስከ 10,000 የሚደርሱ ተጨማሪ የትምህርት ቦታዎች ይገኛሉ የሚል ነበር። በ2017 የዓመቱ ክፍያ 9,250 ፓውንድ ስለ ነበር የሦስት ዓመቱ ትምህርት ብቻ 27,750 ፓውንድ ይደርስ ነበር፤ ለኑሮ የሚወሰደው ብድር በዚህ ላይ ይታከል ነበር። በጥር 2017 የእንግሊዝ አመልካቾች ቁጥር ከቀደመው ዓመት 23 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይበልጥ ያፈገፈጉትም ልጅና ቤት ያላቸው የሚበዙባቸው በዕድሜ የገፉት አመልካቾች ነበሩ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ብድርን ለሚፈራ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ብድር የነጋዴ ብድር ዓይነት አይደለም። ተበዳሪው የሚከፍለው ከተወሰነ የገቢ ወለል በላይ ካገኘው ላይ 9 በመቶ ብቻ ነው፤ በ2017 ለገቡት ተማሪዎች ያልተከፈለው ቀሪ ከ30 ዓመት በኋላ ይሰረዛል። እነዚህ ተማሪዎች በ2020 ሲመረቁ የጀማሪ ነርስ ደመወዝ በዓመት 24,907 ፓውንድ፣ የገቢው ወለል ደግሞ 26,575 ፓውንድ ነበር፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ከመነሻ ደመወዛቸው የሚቀነስ አልነበረም። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ለሚገቡት ግን ወለሉ ወደ 25,000 ፓውንድ ዝቅ ብሎ ዘመኑ ወደ 40 ዓመት ረዘመ። በ2023 የመነሻ ደመወዝ በ28,407 ፓውንድ ቢሰላ ተቀናሹ በዓመት 307፣ በወር 26 ፓውንድ ያህል ይሆናል። ወርኃዊው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በ22 ዓመቷ የተመረቀች ነርስ እስከ 62 ዓመቷ ልትከፍለው ትችላለች። ስለዚህ አመልካች ሊመዝነው የሚገባው አስደንጋጩን ጠቅላላ ድምር ብቻ ሳይሆን ወለሉን፣ መቶኛውንና የዓመቱን ብዛት ነው።

ስሌቱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። የነርስነት ሥልጠና 4,600 ሰዓት ሲጠይቅ ከዚህ ውስጥ 2,300ው በሕሙማን ዘንድ የሚፈጸም የተግባር ልምምድ ነው። ሌላው ተማሪ ከክፍል ውጭ ሠርቶ ኑሮውን ሊደጉም ይችላል፤ የነርስነት ተማሪዋ ግን ለዚህ የሚተርፍ ጊዜ የላትም። የናይቲንጌል ሠልጣኝ ለጉልበቷ ምግብና መኝታ ታገኝ ነበር፤ የ2017ቷ ተማሪ ግን በክፍሉ ውስጥ እየለማመደች የትምህርቱንም ክፍያ ትበደራለች። መንግሥትም ችግሩን በከፊል የተቀበለው ይመስላል፤ ከመስከረም 2020 ጀምሮ የማይመለስ የ5,000 ፓውንድ ዓመታዊ ድጎማ መልሶ ፈቅዷል። ጎረቤቷ ስኮትላንድ ግን ድጎማውን ፈጽሞ አላቋረጠችም፤ እንዲያውም በ2020 በዓመት ወደ 10,000 ፓውንድ አሳድጋዋለች።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ባዕድ አይደለም። በ2003 የወጪ መጋራት ሥርዓት በደንብ ከተደነገገ ወዲህ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር መሐንዲስም ሆነ ነርስ ከወጪው ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ተደርጓል። ሸክም ከአንዱ ምሰሶ ቢነሣ ወደ ሌላው እንደሚያርፍ መሐንዲስ ያውቃል፤ የትምህርት ወጪም እንዲሁ ነው። ስለሆነም መጠየቅ ያለበት ትምህርቱ በነጻ ነው ወይስ በክፍያ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ሸክሙ የተጫነበት ሰው በሚያገኘው ደመወዝ ሊሸከመው ይችላል ወይ የሚለው ነው። መልሱ «አይችልም» ከሆነ ጉዳቱ የተማሪዋ ብቻ አይሆንም፤ ነርስ አጥቶ የሚጠብቀው ሕመምተኛም ድርሻውን ይከፍላል።