የአባት ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የሀገራችን ሰው። የአባት ስም ግን ከአባት የሚወረስ ነው። በእኛ ዘንድ ከአባትና ከአያት እምብዛም አያልፍም፤ በአይሪሾች ዘንድ ግን የአንድ ጥንታዊ አባት ስም ለዘመናት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል። በብዙ ስሞቻቸው መነሻ ላይ የምትገኘው «ኦ» ትርጉሟ «የልጅ ልጅ» ማለት ነው። ኦሂጊንስ ከእነዚህ ስሞች አንዱ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ስም አስቀድሞ በምዕራብ አየርላንድ፣ በስላይጎ፣ የባለቅኔዎች ስም ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመኳንንት ይቀኝ የነበረው ታይግ ዳል የዚሁ ቤት ልጅ ነው።

በዚያው በስላይጎ በ1720 ገደማ የተወለደው አምብሮሲዮ ኦሂጊንስ ግን ባሕር ተሻግሮ ለስፔን ንጉሥ አደረ። በመጀመሪያ የቺሊ ገዥ፣ በ1796 ደግሞ የፔሩ እንደራሴ ለመሆን በቃ፤ የማርኪስነት ማዕርግም ተሰጠው። በ1778 ከቺሊያዊቷ ኢሳቤል ሪኬልሜ ወንድ ልጅ ወለደ፤ እርሷን ግን አላገባትም። ልጁን እስከ እንግሊዝ ልኮ አስተማረው፤ ሆኖም ልጁ የሚጠራው በእናቱ ቤተሰብ ስም፣ ቤርናርዶ ሪኬልሜ ተብሎ ነበር። አምብሮሲዮ በ1801 ሊማ ላይ ሲሞት ለልጁ ርስት ተወለት። ቤርናርዶም ከርስቱ ጋር የአባቱን ስም ያዘ።

በዚህ ስም ምን ሠራበት? አባቱ ያገለገለውን መንግሥት ተዋጋበት። በ1814 ራንካጓ ላይ ድል ተነሣ፤ በ1817 ከሆሴ ደ ሳን ማርቲን ጋር የአንዲስን ተራሮች ተሻግሮ ቻካቡኮ ላይ ድል አደረገ፤ የቺሊም የበላይ መሪ ሆነ። በዚያው ዓመት አባቱ የተሸለመውን ዓይነት የመኳንንት ማዕርግ ሻረ። በ1823 ሥልጣኑን ለቅቆ ተሰደደ፤ በ1842 አባቱ በሞተባት በሊማ አረፈ።

ስሙ መራራ ታሪክም አለው። በ1922፣ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሚኒስትሩ ኬቪን ኦሂጊንስ በሠርጉ ዕለት ሚዜው የነበረው ሮሪ ኦኮነር እንዲረሸን ከካቢኔው ጋር ተስማማ። በ1927 እርሱም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በጥይት ተገደለ። ከ2011 እስከ 2025 የአየርላንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማይክል ዲ. ሂጊንስ ደግሞ ገጣሚ ናቸው፤ ስሙን ወደ ጥንት ሙያው መለሱት።

ዛሬ የሳንቲያጎ ዋና ጎዳና በቤርናርዶ ኦሂጊንስ ስም ይጠራል። እንደራሴው አባት የሚታወሰው በአብዛኛው የእርሱ አባት ስለሆነ ነው። ልጅ የአባቱን ስም ተዋሰ፤ አባትም በልጁ ስም ይጠራል።