ቆቃ፦ ለመብራት የተገደበ ውሃ

የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ የታሰበው 43 ሜጋ ዋት ኃይል እንጂ ጉማሬና የውሃ ወፍ አልነበረም። ይሁንና የተገደበው የአዋሽ ወንዝ ሜዳው ላይ ሲንጣለል ቆሮሶና አምባዛ ረቡ፤ ወፉ ዓሣውን፣ የከተማ ሽርሽረኛ ደግሞ ሁለቱንም ተከትሎ መጣ። «ሰው ሠራሽ ነው፤ ጥበቃ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ውሃው የዋጠውን የገበሬ መሬት የሚያነሱት ይበልጥ ያሳምናሉ፤ ግን ያ ዕዳ የግድቡ ነው፣ የወፉ አይደለም።

ደግሞስ የኃይሉና የመዝናኛው ጥቅም የሚጋጨው የት ላይ ነው? ከደጋ ታጥቦ የሚወርደው ደለል ዳርቻውን ብቻ ሳይሆን ለተርባይኑ የሚጠራቀመውንም ውሃ ቦታ ያሳጣል። እምቦጭ ጀልባውንም መረቡንም ያውካል። በሞጆ ወንዝ በኩል የሚመጣው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ዓሣ ከከብት አይለይም።