መረጃ በመብራት ሽቦ

መረጃን በኤሌክትሪክ መስመር መላክ የቤት ኮምፒውተርን በዐሥርት ዓመታት ይቀድማል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓና በአሜሪካ የመብራት ኩባንያዎች ተራርቀው ባሉ ጣቢያዎቻቸው መካከል በከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ በስልክ ይነጋገሩ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በስልክ መስመር ሲገባ፣ ኮምፒውተሮችን በቤት ሶኬት የሚያገናኝ በሰፊው የተለመደ መስፈርት ገና አልነበረም። ሆምፕላግ የተባለው መስፈርት የወጣው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ እስከ 14 ሜጋቢት ነበር።

ይህ ዘዴ ከሚጠቅምባቸው ሰፈሮች አንዷ የአዲስ አበባዋ ልደታ ናት፤ መልኳ ተለውጧል።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቆዩት የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ቆመ። ብሎኬትና ኮንክሪት የዋይፋይን ሞገድ ያዳክማሉ፤ በግድግዳው ውስጥ የተዘረጋው የመብራት ሽቦ ግን ከክፍል ክፍል ይደርሳል። አንዱ የሆምፕላግ አዳፕተር ሳሎን ከራውተሩ ጋር በኬብል ይያያዛል፣ ሌላው መኝታ ቤት ሶኬት ላይ ይሰካል። መብራቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ መረጃው በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ስለሚርገበገብ አይቀላቀሉም።

ችግር የሚፈጥረው የሶኬት ማከፋፈያ ነው። ከኃይል መዋዠቅ የሚከላከል ማከፋፈያ ምልክቱን ስለሚያዳክም፣ አዳፕተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት ይበጃል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሆምፕላግ ኤቪ2 ደግሞ የመሬት ሽቦውንም መጠቀም ስለጀመረ፣ የመሬት ሽቦ በአግባቡ የተዘረጋለት ቤት የተሻለ ፍጥነት ያገኛል።