የብር ሰንሰለት

«ዘ ላስት ሳሙራይ» የተባለው የቶም ክሩዝ ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ ይዞር በነበረበት ሰሞን የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ሳሙራይ ሆነው ነበር። የመጥረጊያ እንጨት ሰይፍ ሆነ። ከኳስ ሜዳ እስከ ፑል ቤት «ክብር» የምትል ቃል የማትገባበት ወሬ ጠፋ። ፊልሙን እኔም ወድጄዋለሁ፤ ምን ያስዋሸኛል። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ጃፓን የመጨረሻ ሳሙራይ ሲከራከር የሚያመሽ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ስለ ካፋ የመጨረሻ ንጉሥ ብትጠይቁት «የቱ ካፋ? የቡናው?» ይላችኋል።

አዎ፣ የቡናው። (በአማርኛችን «ከፋ» እያልን ስንጽፈው ኖረናል። አገሬው ግን «ካፋ» ቢባል ይመርጣል፤ ምን ከፋውና!) ከጅማ ተነስታችሁ የጎጀብን ወንዝ ስትሻገሩ ካፋ ገባችሁ ማለት ነው። ቦንጋና አንደራቻ የነገሥታቱ መቀመጫዎች ነበሩ። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ «ሚክሬቾ» የሚባሉ ሰባት አማካሪዎችም ነበሩት። የአገሩ ድንበር በጥልቅ ቦይና በአጥር የታጠረ ሲሆን መግቢያና መውጫው በኬላ ነው። ኬላው ላይ ዘበኛ አለ። ይህን ዘበኛ ያዙልኝ፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

በ1889 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ድል ማግሥት፣ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ካፋ ላይ ዘመተ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በአንድ በኩል፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደምሰው ነሲቡ በሌላ በኩል ገቡ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ጦራቸውን አሰልፈው አብረው ዘመቱ። በወዲህ በኩል ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ናቸው። የእሳቸው ሰው የታጠቀው በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነው፤ ጠመንጃ ቢኖር ጥቂት መቶ፣ እሱም አሮጌ። ከሁሉም አቅጣጫ ለሚመጣ ዘመናዊ መሣሪያ ይህ ምን ይመክታል? ቢሆንም እጅ አልሰጡም። መናገሻቸው ከተያዘ በኋላ ጫካ ለጫካ እየተዘዋወሩ ለወራት ተዋጉ። የተያዙት በመስከረም 1890 ዓ.ም. መባቻ፣ እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት ሰሞን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ንጉሡ «እንደ ተራ ሰው በብረት አልታሰርም» አሉ፤ አሳሪዎቹም በብር ሰንሰለት አሰሯቸው ይባላል። ጎጀብን ሲሻገሩ ደግሞ የንግሥና ቀለበታቸውን አውልቀው ወንዙ ውስጥ ጣሉት ይባላል፤ ከእንግዲህ የካፋ ንጉሥ የለም ለማለት። ወደ አንኮበር፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1919 እስኪሞቱ ድረስ ነጻ አልወጡም። ሃያ አንድ ዓመት ከምናምን!

ይህን የብር ሰንሰለት ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አሳሪው ታሳሪው ንጉሥ መሆኑን አልካደም፤ ክብሩን አውቆለታል፤ ስለዚህ ብር አቀለጠለት። የጦረኛ ሥነ ምግባር የምንለው ነገር እዚያ ድረስ ሄዶ እዚያው ቆመ። ሰንሰለቱ ከምን ይሠራ የሚለው ላይ ተነጋገሩ፤ ሰንሰለቱ መቼ ይፈታ የሚለውን ያነሳ አልተገኘም። ለሕዝቡ ደግሞ ብር የሚያቀልጥ አልነበረም። ከዘመቻው በኋላ ብዙ የካፋ ሰው በባርነት ተወስዷል። ጦርነቱ ባበቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ወደ ደቡብ የዘመተው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያየው በጦርነት የተራቆተ አገር ነው።

አሁን ወደ ጃፓን እንሂድ። ፊልሙ የተመሠረተበት ሰው ሳይጎ ታካሞሪ ይባላል። (በፊልሙ ሳሙራዮቹ ጠመንጃን ተጸይፈው በሰይፍና በቀስት ይዋጋሉ፤ የእውነተኛው የሳይጎ ሰዎች ግን ጠመንጃም መድፍም ነበራቸው። ሆሊውድ ምን ይደረግ!) ሳይጎ የሜጂን መንግሥት ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ያው መንግሥት በ1876 እ.ኤ.አ. ሳሙራዮችን ሰይፍ እንዳይታጠቁ ከለከለ፤ በዓመቱ ሳይጎ በአመፀኞች ራስ ሆኖ ተነሳ፤ ተሸንፎም ሞተ። በሕግ ፊት አመፀኛ ነው። በ1889 የጃፓን ሕገ መንግሥት ሲታወጅ ግን ምሕረት ተደረገለት። በ1898 ቶኪዮ ውስጥ ዩኤኖ መናፈሻ ላይ ሐውልቱ ተመረቀ። ጋኪ ሸሮቾ በታሰሩ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው።

የእኛ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ዋናው አርአያው ይኸው የጃፓኑ ሕገ መንግሥት ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ ምሁሮቻችን በጃፓን ሥልጣኔ የተማረኩ ናቸው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይም በዚያው ሰሞን ቶኪዮ ድረስ ሄደው አይተው ጽፈዋል። አንቀጹን ቀዳን፣ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ቀዳን። ከሕገ መንግሥቱ ጋር የታወጀው ምሕረት ግን ከቀዳነው ውስጥ አልነበረም። ቢኖርስ? የካፋው ንጉሥ በግዞት እንዳሉ ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ጃፓንን ለማሞገስ አይደለም ይህን የማነሳው። «ቡሺዶ» የሚባለውን የሳሙራይ ሥነ ምግባር ለዓለም ያስተዋወቀው መጽሐፍ በ1900 ገደማ የወጣ ነው። ኢናዞ ኒቶቤ የጻፈውም አሜሪካ ተቀምጦ፣ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሳሙራዮቹ ሰይፍ ከፈቱ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ። ሰይፉ ከተፈታ በኋላ ሥነ ምግባሩ ያምራል። ኋላ የጦር ሹማምንቱ ያንኑ ክብር አንስተው በ1941 ለወታደሩ ባደሉት መመሪያ መማረክን ነውር አደረጉት፤ በዚያ ሰበብ በየደሴቱ ስንቱ ወጣት አለቀ። በዚህ መመሪያ ብንዳኝ ጋኪ ሸሮቾ በሕይወት በመያዛቸው ብቻ የተዋረዱ ነበሩ። እኔ አይመስለኝም። ሆድን ቀዶ መሞት የአንድ ቀን ድፍረት ነው። አገሩ ጠፍቶ፣ ቀለበቱ ወንዝ ገብቶ፣ በሰው ከተማ ሃያ አንድ ክረምት መቁጠር ግን ሌላ ዓይነት ልብ ይጠይቃል።

የካፋ ዘውድ ከአገር ወጥቶ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ስዊዘርላንድ ገብቶ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ጃንሆይ ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ተመልሷል። ለረጅም ጊዜ የካፋን ስም ይዞ የኖረው ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማው ጅማ ነበረች፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቦንጋ ራሷ የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። መቼም የንጉሡ ነገር ዘግይቶም ቢሆን ተነጋጋሪ አላጣም።

ያ ዘበኛስ? ኬላውን ይጠብቁ ከነበሩት ውስጥ ማንጆ የሚባሉት ይገኙበታል። አዳኞች ናቸው፤ ጫካውን ያውቁታል፤ ጠላት ቢመጣ የመጀመሪያው ጦር የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ሳሙራዩ ገበሬውን «ደፈረኝ» ብሎ በሰይፍ መቁረጥ በሚፈቀድለት አገር ክብሩ በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ ግልጽ ነው፤ በካፋም የክቡራኑ ክብር ከሥሩ የማይቆጠር ሰው ነበረው። ባሪያም ይሸጥ ነበር። ታቶው ወደቁ፣ ሚክሬቾው ተበተነ፣ ቦዩ በሣር ተሸፈነ። የኬላው ጠባቂ ልጅ ከጎረቤቱ ደጃፍ እንዳያልፍ፣ ከአንድ ገበታ እንዳይቆርስ የሚከለክለው ልማድ ግን ምኒልክንም፣ ጃንሆይንም፣ ደርግንም ተሻግሮ ዘለቀ።